የትንፋሽ ደጅ

በአማርኛ ቋንቋችን ውስጥ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ቃላት አሉ። ነፍስ፣ ነፋስ፣ መተንፈስ፣ እስትንፋስ። አራቱም የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው። በጭንቅ ላይ ያለን ሰው «ነፍስ ውጪ፣ ነፍስ ግቢ ላይ ነው» እንላለን። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው «እፎይ፣ አሁን ተነፈስኩ» ይላል። ምሥጢር ጠባቂውን «ትንፍሽ አላለም» ብለን እናመሰግነዋለን። የደነገጠ ቤተሰብ ሐኪሙን ዐይን ዐይኑን እያየ የሚጠይቀውም «ትንፋሽ አለው?» ብሎ ነው። አባቶቻችን ነፍስንና ትንፋሽን ለያይተው አላዩዋቸውም፤ ሁለቱም በአንድ በር የሚገቡና የሚወጡ መሆናቸውን አምነው ቋንቋውን አወረሱን።

የዚያ በር ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የውስጡም ጥልቀት በሴንቲ ሜትር እንደሚለካ የተረዳሁት ግን ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ሆኜ በተቀመጥሁበት ሰሞን ነው። እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ እቆጥራለሁ። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በሰመመን ለተኛ፣ ወይም መተንፈስ ላቃተው ሕመምተኛ በአፉ በኩል ገብታ እስከ አየር ቧንቧው የምትደርስ ቱቦ ናት። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምና ክፍል ደጅ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? በዚያ ደጅ ላይ የምንጠብቀው ምን እንደሆነ ብናውቅ መልካም ይመስለኛል።

* * *

አክስቴ የደጋን ሴት ናት። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አክስቴ በዚያ አካባቢ በሴቶች መውሊድና ሐድራ ላይ መንዙማ በማውረድ ትታወቃለች። እሷ ስታወርድ የሚቀበሉት ሴቶች ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ታዲያ ከልጅነቷ ጀምሮ በአንገቷ ላይ አንዲት ሎሚ የምታህል እንቅርት ነበረች። እኛ ልጆቹ እንቅርቷን የፊቷ አካል አድርገን ነው ያደግነው። ዓመታት ሲያልፉ ሎሚዋ ብርቱካን አከለች፤ ከዚያም አለፈች። በጀርባዋ መተኛት አልሆንላት አለ፤ ሌሊት ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። በላዩ ላይ ሳል ተጨመረ። አገራችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምትለው ለካ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር አይታ ኖሯል።

ሐኪሞች እንቅርቱ ይውጣ አሉ። አክስቴ ስለ ሞት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። የጠየቀችው «ድምፄስ?» ብላ ነው። ጥያቄዋ የዋህ አልነበረም። ወደ ማንቁርት የሚሄዱት፣ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከእንቅርቱ ጀርባ ተጠግተው ያልፋሉ፤ ቀዶ ጠጋኙ እነሱን መጠበቅ አለበት። ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት ግን ሌላ ሰው በዚያው በር ማለፍ ነበረበት።

ከቀዶ ሕክምናው ዋዜማ በመሸ ጊዜ አንዲት ወጣት የሰመመን ባለሙያ ወደ አልጋዋ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እናቴ፣ እስቲ አፍዎን በደንብ ይክፈቱልኝ» አለቻት። «ምላስዎን ያውጡ። አሁን አንገትዎን ወደ ኋላ ቀና ያድርጉ። የሚነቃነቅ ጥርስ አለዎት? በጀርባዎ መተኛት ይችላሉ? ከቤተሰብዎ ሰመመን ተሰጥቶት የተቸገረ ሰው ነበር?» እያለች ጠየቀች። በጣቷ የአክስቴን አገጭና አንገት ለካች፤ የአንገቱን ራጅም ወደ መብራት አንሥታ አየች። እኔ የሰመመን ሥራ ማስተኛት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። መልሷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። «ማስተኛቱ ቀላሉ ነው፤ እኔ የምጨነቀው ተኝተው ሳለ ማን ይተነፍስላቸዋል በሚለው ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥልቅ ሰመመን ውስጥ የገባ ሰው ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ጉሮሮውን ይዘጋል፤ የጡንቻ ማላያ መድኃኒት ሲሰጠውም በራሱ መተንፈሱን ያቆማል። ከሆዱ የሚመለስ ምግብ ወይም አሲድ ወደ ሳንባው ቢገባ የሚያስለው ኃይል የለውም። ስለዚህ ባለሙያዋ ላሪንጎስኮፕ በሚባል ብርሃን ባለው መሣሪያ ምላሱን ገለል አድርጋ፣ ነጫጭ ሆነው እንደ ድንኳን በር ግራና ቀኝ የቆሙትን የድምፅ አውታሮች ታያለች፤ ቱቦዋን በመካከላቸው ታሳልፋለች። በቱቦዋ ጫፍ አጠገብ ያለችው ካፍ የምትባል ትንሽ ፊኛ ስትነፋ ቧንቧውን ዙሪያውን ትሞላና አየሩም ፈሳሹም በጎን እንዳያልፍ ትከለክላለች። የሰው ድምፅና የሰው ነፍስ በአንድ ደጅ የሚያልፉ መሆናቸውን ያን ጊዜ ተገነዘብሁ።

የአክስቴ እንቅርት የአየር ቧንቧዋን ወደ ቀኝ ገፍቶ አጣብቦት ነበር። ባለሙያዋ የተለመደውን መጠን ብቻ ሳይሆን አነስ ያሉ ቱቦዎችንም በተራ አዘጋጀች፤ የመጀመሪያው መንገድ ባይሳካ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ባይሳካ ሦስተኛው ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፋ ለባልደረቦቿ እንደምታነብላቸው ነገረችኝ። ቀዶ ጠጋኙም ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጓንቱን አጥልቆ በአጠገቧ ይቆማል፤ ምናልባት ከአንገት በታች መንገድ መክፈት የግድ ቢሆን። ያ ንግግር ቢያስፈራኝም አጽናናኝ፤ ሊበላሽ የሚችለውን ቀድሞ የሚያስብ ሰው እንዳለ ማወቅ ያጽናናል።

* * *

በማግሥቱ በመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር የተቀመጡት ሰዎች ዕድሜ ለየቅል ነበር። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛለች። አንድ ጎልማሳ የሰማንያ ዓመት አባቱን አስገብቷል። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል የወጣች አራስ ደግሞ ገና በወጉ ያልታቀፈችውን ልጇን እያሰበች ትተክዛለች። በሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆነ በኋላ ከባለሙያዋ ተማርኩ፤ ከዚያም ባገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ተከታተልኩት።

ሕፃን ትንሽ ሰው አይደለም። የጨቅላ ምላስ ከአፉ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ ማንቁርቱም ከአዋቂው ይልቅ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። የራስ ቅሉ ጀርባ ትልቅ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲተኛ አንገቱ ራሱን በራሱ ያጎነብሳል፤ በዚያው ትንፋሹ ይጣበባል። ስለዚህ ለአዋቂው ትራስ የሚደረገው ከራሱ ሥር ሲሆን፣ ለጨቅላው ግን የታጠፈ ጨርቅ የሚደረገው ከትከሻው ሥር ነው። ሕፃን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከአዋቂ እጥፍ ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ስለዚህ ትንፋሹ ሲቋረጥ የሚታገሠው ጊዜ አጭር ነው። አዋቂው ደቂቃዎችን በሚያገኝበት ቦታ ሕፃኑ የሚያገኘው ሰከንዶችን ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የቁጥር ሰው ስለሆንኩ ቁጥሩ ነው በይበልጥ የያዘኝ። ዲያሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የጨቅላ አየር መንገድ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ የቀረው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አየር የሚያልፍበት ስፋት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ያው 1 ሚሊ ሜትር እብጠት ባለ 8 ሚሊ ሜትር የአዋቂ መንገድ ላይ ቢደርስ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። አዋቂን ድምፁን ብቻ የሚያሰልል እብጠት ሕፃንን ሊያፍን ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ቱቦ በግድ አይገባም፤ ካፉም ሲነፋ ግፊቱ ይለካል፤ ከልክ በላይ የተነፋ ካፍ የቧንቧውን ግድግዳ ደም ያሳጣዋልና።

ከሁለት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የልጁን ዕድሜ ለ4 አካፍለህ 4 ስትጨምርበት ካፍ የሌለውን ቱቦ ውፍረት በሚሊ ሜትር ይሰጥሃል፤ ካፍ ላለው ግን 3.5 ትጨምራለህ። ጥልቀቱን ለማወቅ ዕድሜውን ለ2 አካፍለህ 12 ትጨምራለህ። እንግዲህ የዚያች እናት የአራት ዓመት ልጅ ካፍ ያለው 4.5፣ ካፍ የሌለው 5 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ከከንፈሩ እስከ ውስጥ 14 ሴንቲ ሜትር ይገባለታል ማለት ነው። ለጨቅላ ደግሞ የሚቆጠረው ክብደት ነው፤ ኪሎው ላይ 6 ይደመርና 3 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ እጅግ ትንሽ ሕፃን ቱቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለአዋቂ ሴት 21፣ ለአዋቂ ወንድ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተለመደ ጥልቀት ነው።

ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ከታሰበው መጠን በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም ቱቦ በእጅ አቅራቢያ ይቀመጣል። የጨቅላ የአየር ቧንቧ ከድምፅ አውታሮቹ በታች ያለው ርዝመት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቱቦው ከልክ ካለፈ የሚገባው ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ሳንባ ነው፤ የቀኙ ቅርንጫፍ ከግራው ይልቅ ሰፊና ወደ ታች ቀጥ ያለ ነውና። ያን ጊዜ አንዱ ሳንባ ሲነፋ ሌላው ይጾማል። ቱቦው ከልክ ካጠረ ደግሞ ሾልኮ ይወጣል። የሕፃኑ አገጭ ወደ ደረቱ ሲጎነበስ ቱቦው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ቀና ሲል ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ቱቦው በፕላስተር ከታሰረ በኋላም ቢሆን ሕፃኑ በተገላበጠ ቁጥር እንደ ገና ይመረመራል። ሽማግሌው ዘንድ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጥርስ ስለሌለ ጉንጩ ይጎደጉዳል፤ የኦክስጅን ጭንብሉ ፊቱ ላይ አልገጥም ይላል፤ አንገቱም እንደ ድሮው አይታጠፍም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የጉሮሮዋ ሥጋ ያብጣል፤ ኦክስጅኗ ቶሎ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ነገር ትዝ አለኝ። ስሌቱ ዕድሜ ይፈልጋል። በባንክ ቤት መስኮት በኩል ግን ዕድሜያቸውን በዘመን የሚነግሩኝ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም። «በስድሳ ስድስቱ ድርቅ የጡት ልጅ ነበርኩ»፣ «በሰባ ሰባቱ ነው የተወለድኩት» ይሉኛል። ወሎ ዕድሜዋን በረኃብ ስትቆጥር የኖረች አገር ናት። የልጅን ዕድሜ ስትጠይቅም «ሁለት ክረምት አልፎታል» የሚል መልስ ይመጣል። እኔ ቅጹ ላይ ግምት ብጽፍ የሚፈርስ ነገር የለም፤ እሷ ግን በግምት ቱቦ መምረጥ አትችልም። ባለሙያዋን ይህን ብጠይቃት ፈገግ ብላ የልጁን ትንሽ ጣት እንደሚመለከቱ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ቁመቱን በሜትር እንደሚለኩ ነገረችኝ። ምግብ አጥሮት የቀጨጨ የስድስት ዓመት ልጅ በቁመቱ የአራት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ረኃብ እስከዚህ ድረስ፣ እስከ ቱቦ ምርጫ ድረስ ተከትሎን እንደሚገባ ሳስብ ዝም አልሁ።

* * *

የዚህ ቱቦ ታሪክ ረጅም ነው። በወሎ ሼኾች ዘንድ ስሙ የሚከበረው ኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. 980-1037) በታላቁ የሕክምና መጽሐፉ በአልቃኑን ውስጥ፣ መተንፈስ ላቃተው ሰው ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ ቱቦ በጉሮሮው እንዲገባለት ጽፏል። አንድሬያስ ቬሳሊየስ በ1543 እ.ኤ.አ. በእንስሳ የአየር ቧንቧ ውስጥ ሸምበቆ አስገብቶ እየነፋ ሳንባው ሲነሣ አሳይቷል። በሕይወት ያለን ሰው የድምፅ አውታር በመስታወት አይቶ የተናገረው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን የዘፈን መምህር ነው፤ ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 እ.ኤ.አ. በትንሽ መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን ጉሮሮ ተመለከተ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአክስቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ስለ ድምፅ የተጨነቀ ሰው ነው ለትንፋሽ መንገዱን ያበራው።

ከዚያ በኋላ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ማክዌን በ1878 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ለቀዶ ሕክምና ብሎ ቱቦን በጣቶቹ እየመራ በሕመምተኛ አፍ አስገባ። በ1885 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒውዮርኩ ሐኪም ጆሴፍ ኦድዋየር፣ ዲፍቴሪያ ጉሮሯቸውን እየዘጋ ለሚገድላቸው ሕፃናት ቱቦዎችን ሠራ። ይሠራ የነበረው የተጣሉ ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት ውስጥ ነው። ቱቦዎቹ በመጠን የተለያዩ ነበሩ፤ የትኛው ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚያመለክት መለኪያም አብሯቸው ነበር። ዛሬ ባለሙያዋ በአእምሮዋ የምትሠራው ስሌት ቅድመ አያት ያ መለኪያ ነው።

* * *

አሁን ወደ ዋናው ጭንቅ ልምጣ። ከአየር ቧንቧው ጀርባ የምግብ ቧንቧ ተለጥፎ ይገኛል። ቱቦዋ ወደዚያ ብትገባ የሚነፋው ሆድ ነው፤ ሳንባው አንዳች አያገኝም። ለመሳሳት ሰው መሆን ይበቃል፤ ሊቁም ጀማሪውም ይሳሳታል። የሚገድለው ስሕተቱን አለማወቅ ነው። ምልክቶቹም የሐሰት ምስክር ይሆናሉ። ቱቦው ውስጥ ላቦት ይታያል፤ ደረት የተነሣ ይመስላል፤ በማዳመጫም ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም አንዳንድ ጊዜ ያታልላሉ። በጣት ላይ የሚሰካው ፑልስ ኦክሲሜትር እውነት ይናገራል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይናገራል። አስቀድሞ ኦክስጅን የጠገበ ሰው ውስጥ ቁጥሩ መውረድ የሚጀምረው ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የታመነው ምስክር ከሳንባ ተመልሶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ካፕኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወጣውን ጋዝ በማያ ገጹ ላይ እንደ ሞገድ ይሥላል። ሞገዱ በተከታታይ ትንፋሾች ከታየ ቱቦዋ በአየር ቧንቧ ውስጥ ናት፤ ካልታየ ግን ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የተሳሳተ ቦታ ናት ተብሎ ይወሰዳል። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ይህንኑ በአጭር መፈክር አድርገው ያስተምራሉ።

በባንክ ቤት የገንዘብ ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም። ሁለት ቁልፍ ያዦች አብረው መቆም አለባቸው። አንዱ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ምንም ያህል ዓመት ቢያገለግል ብቻውን አይገባም። ይህን ሥርዓት ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። በአገራችን ልማድም ነገር የሚጸናው በሁለት ምስክር ነው። ለብር ሁለት ቁልፍ ካበጀን ለነፍስ ሁለት ምስክር ማበጀት እንዴት ይበዛል? ዐይን ቱቦዋ በአውታሮቹ መካከል ስታልፍ ያያል፤ ሞገዱ ደግሞ ያጸናል። የሚያሳዝነው በሀብታም አገሮች ያለ እርሱ ሰመመን መስጠት የማይታሰበው ይህ መሣሪያ በድኻ አገሮች በብዙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አለመኖሩ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ፑልስ ኦክሲሜትር ሲያዳርስና ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ካፕኖግራፍ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሦስተኛም ምስክር አለ፤ እሱም የሰው አንደበት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ገባች። ሰመመን ከተሰጣት በኋላ የአየር መንገዷ አልከፈት አለ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦውን ለማስገባት ደጋግመው ሲታገሉ ጊዜው አለፈ። ነርሶቹ ግን በአንገት በኩል መንገድ የሚከፈትበትን ዕቃ አምጥተው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ሴትዮዋ ከቀናት በኋላ ዐረፈች። ባለቤቷ ማርቲን ብሮሚሊ የአውሮፕላን አብራሪ ነው። በበቀል ፈንታ ጥያቄ ይዞ ተነሣ፤ በአውሮፕላን ውስጥ ትንሹ ለትልቁ «አለቃ፣ ተሳስተናል» እንዲል የሚሠለጥን ከሆነ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለምን አይሆንም? በ2007 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚያስተምር ማኅበር መሠረተ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት የሕመምተኛው የአየር መንገድ አስቸጋሪ መሆን አለመሆኑ እንዲጠየቅ፣ በክፍሉ ያሉት ሁሉም በስማቸውና በሥራቸው እንዲተዋወቁ ያዛል።

ይህ ለእኛ ከማንም በላይ የሚከብድ ትምህርት ነው። እኛ ትልቅ ሲናገር ትንሽ ዝም እንዲል ተደርገን ያደግን ነን። ይሉኝታ መልካም ነገር ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ያቆማል፤ ሽማግሌ ያስከብራል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን ይሉኝታ ሰው ይገድላል። ባለሙያዋን «አንቺስ ለታላላቆችሽ ትናገሪያለሽ?» ብያት ነበር። «መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው፤ አንድ የጽዳት ሠራተኛም ሲሊንደሩ ማለቁን ቀድማ አይታ ነግራኝ ታውቃለች» አለችኝ።

በአገራችን ሰመመን የሚሰጡት አብዛኞቹ እንደ እሷ ያሉ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው፤ በዚህ ሙያ ስፔሻሊቲ ያላቸው ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን «ቬንትሌተር» የሚለው ቃል በቡና ላይ ሳይቀር ይወራ ነበር። አገሪቱ ስንት መሣሪያ እንዳላት ይቆጠር ጀመር። ቱቦውን የሚያስገባውን እጅ ግን የቆጠረ አላየሁም። መሣሪያ ያለዚያ እጅ ብረት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሣ በቂ መሣሪያ አልነበረም፤ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በአንገት በኩል ቱቦ አስገብቶ በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት አገናኘ፤ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ተራ ገብተው ሌት ተቀን እየጨመቁ ሕሙማኑን አስተነፈሱ። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ነገር ከዚያ እጅ ነው የተወለደው።

የደሴ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያ የተኛ ሕመምተኛ የኦክስጅን መጠባበቂያው ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በረገጠ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘረፉ፤ ተሰባበሩም። ቤቱ እንደ ገና ተነሥቶ ሥራውን ቀጥሏል። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የነበረ፣ ምጥ የያዛት ሚስቱን ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጁን የያዘ ሰው ወዴት ይሄድ ነበር? ጦርነት የሚገድለው በጥይት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከአንድ ክፍል አንድ ላሪንጎስኮፕ ሲጠፋ ስንት ነፍስ ደጅ ላይ እንደሚቀር መጻፍ የታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ ሥራ አይመስለኝም።

በአግዳሚው ወንበር ላይ ሆኜ በማስታወሻዬ ጥግ የጻፍኋት አንዲት ትንሽ ግጥም ነበረች፤ ይኸችው፦

አንድ ጣት ቢያልፍ ሞት፣ አንድ ጣት ቢቀር ሞት፣
በመሐል ጠባብ ደጅ፣ የትንፋሽ መግቢያ ቤት፤
ከደጃፉ ቆሞ፣ ዐይኑን ያልከደናት፣
እሱ ነው ዘበኛ፣ ነፍስ ያደረችበት።

* * *

እኛ አስታማሚዎቹስ ሥራ የለንም? አለን። ባለሙያዋ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራት ምን እንደሆነ ስጠይቃት «እውነቱን የማይነግሩኝ ቤተሰቦች» አለችኝ። ልጅ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝለት እንዲጾም ይነገራል፤ ጠንካራ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቋረጣል። እናት ግን ልጇ ሲያለቅስ አንጀቷ አይችልም፤ በነጠላዋ ሥር ደብቃ ቁራሽ ዳቦ ትሰጠዋለች። ያ ቁራሽ ሰመመኑ ሲጀምር ከሆድ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ማንም ሊቆጣ አይገባም፤ «በልቷል» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሰዓቱ ይዛወራል። የተነቃነቀ ጥርስ፣ የሰሞኑ ጉንፋን፣ በልጅነት በመንደር የተቆረጠች እንጥል፣ በቤተሰብ ውስጥ በሰመመን የደረሰ ጉዳት፣ ሁሉም ይነገር። ዕድሜም ከታወቀ በትክክሉ ይነገር። ለባንክ የምናበጀው ዕድሜ ለዚያ ክፍል አይሆንም።

አክስቴ በሰላም ወጣች። ባለሙያዋ ያስገባችላት ቱቦ ለሴት ከተለመደው ሁለት ቁጥር ያነሰ ነበር። ሲነቃላት፣ ማሳል ስትችል፣ ጭንቅላቷን ከትራስ ማንሣት ስትችል ነው ቱቦዋ የወጣችው፤ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ማውጣትም ጊዜ አለውና። ለሳምንታት ድምፅዋ ተሰልሎ በሹክሹክታ ትናገር ነበር፤ እኛም ፈርተን ዝም አልን። ቀስ በቀስ ተመለሰ። እንደ ድሮው ከፍ ብሎ አይወጣም፤ ወረድ ብሎ፣ ጠጣር ሆኖ ነው የተመለሰው። የሚቀበሏት ሴቶች አሁን ይበልጥ ይጠጓታል።

እንቅርት የሚመጣው በአብዛኛው አዮዲን ሲያንስ ነው። በደጋማው አገራችን አፈሩ በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ስለሚሳሳ ብዙ እናቶቻችን ይህን ሸክም ተሸክመው ኖረዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤተሰብ በ9ኙ ገደማ አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል። አክስቴ አሁን ሱቅ ስትሄድ የታሸገውን ጨው ለይታ ትገዛለች፤ ቤትም ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጠዋለች፤ ክፍት ሲሆን አዮዲኑ ይሄዳልና። የልጅ ልጆቿን አንገት በመዳፏ እየዳበሰች ታያለች። ከሐድራው በፊት ሴቶቹ ቡና ሲጠጡ የምትነግራቸውም ይህንኑ ነው፤ ስለ ቱቦዋ ግን አንድም ቀን ስታወራ አልሰማኋትም።